የተረፈው ችግኝ የማን ነው?

  

ክረምት በተቃረበ ቁጥር በየጓሮአችን አንድ ዐይነት ነገር ይታያል። በሚያዝያና በግንቦት መደብ ላይ የተበተነው የቃሪያ፣ የቲማቲምና የጎመን ዘር ተጨናንቆ ይበቅላል። የቤቱ እመቤት ያላት ቦታ ለአሥር እግር ቃሪያ ቢበቃ ነው፤ መደቡ ላይ የቆመው ግን ስልሳና ሰባ ነው። አሥሩን መርጣ ከተከለች በኋላ የቀረውን ልትነቅል እጇን ትዘረጋና ትመልሰዋለች። ጥቂቱን በወተት ጣሳ፣ ጥቂቱን በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ ጥቂቱን በላስቲክ ታኖረዋለች። ባልየውም ቢሆን ከዚህ አይለይም፤ ከበላው አቮካዶ ያወጣውን ፍሬ ሁሉ በአፈር እየቀበረ በረንዳውን ሞልቶታል። በአጥሩ ጥግ ደግሞ ካቻምና የተረሱ፣ ቅጠላቸው የረገፈ፣ ሞቱ ሲባሉ አንድ ጫፋቸው የሚያቆጠቁጥ ተክሎች ተደርድረዋል። "ለምን አትጥሉትም?" የሚል ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ "ሕይወት ያለውን ነገር እንዴት አድርጌ ልጣለው!"

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለዚች መልስ እንነጋገራለን። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ውስጡ የንብረት፣ የውኃ፣ የጎረቤትና የሰደቃ ጉዳይ አለበት።

ከሁሉ በፊት ይህ የልብ ስስት ከመልካም ምንጭ የሚቀዳ መሆኑን እንመስክር። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ኢማሙ አሕመድ በሙስነዳቸው፣ ኢማሙ ቡኻሪም አል አደቡል ሙፍረድ በተሰኘው ኪታባቸው በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቂያማ ሰዓት ቢደርስ እንኳ በእጁ የተምር ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክላት አዘዋል። ልብ ይሏል! ያቺ ችግኝ ፍሬ እንደማትሰጥ የታወቀ ነው፤ ትእዛዙ ግን አልተነሣም። እንደዚሁም በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡሙ ሙበሺር ወደምትባል የአንሷር ሴት የተምር አትክልት ገብተው ተምሩን የተከለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሙስሊም መሆኑ ሲነገራቸው፣ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት አበሰሩ። ይህን እየሰማ ያደገ ሰው ለምለም ችግኝ ነቅሎ መጣል ቢከብደው አያስገርምም።

ታዲያ ጥያቄው ሌላ ነው። አለመጣል ብቻውን መንከባከብ ይሆናልን? ጣሳ ውስጥ አስቀምጦ መርሳትስ ከመጣል በምን ይለያል?

ችግኙ ለምን ይበዛል?

ችግኝ የሚተርፈው በአትክልተኛው ጥፋት አይደለም፤ የሥራው ጠባይ ነው። ከአንድ የበሰለ ቃሪያ ብቻ ብዙ ደርዘን ዘር ይወጣል። ዘር ሁሉ እንደማይበቅል፣ የበቀለውንም ትል፣ ዶሮና ውርጭ እንደሚቀንሰው ስለሚታወቅ አስቀድሞ አብልጦ መዝራት ብልኅነት ነው። ክፉ ነገር ሳይደርስ የቀረ እንደሆነ ግን የተፈራው ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይቆማል።

ይህን ትርፍ በመደቡ ላይ እንዳለ መተው ዋጋ ያስከፍላል። ካሮት በእግርና በእግር መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልተተወለት ሥሩ እንደ ክር ቀጥኖ ይቀራል። ጥቅል ጎመን 40 ሳንቲ ሜትር፣ ቃሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ተጨናንቀው የቆሙ ችግኞች ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይመዘዛሉ፤ ግንዳቸው ይቀጥናል፤ በመካከላቸው ነፋስ ስለማያልፍ ሻጋታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሁሉን ላድን ያለ ሰው ሁሉንም ያከሳል።

ፓፓያን እንመልከት። ፓፓያ ከዘር ሲበቅል ወንድና ሴት የሚለይበት ዐይነት አለ፤ ወንዱ ፍሬ አይሰጥም። ገና በችግኝነቱ ደግሞ በዐይን አይለይም። ስለዚህ ዐዋቂ ገበሬ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ያህል እግር ይተክልና አበባ እስኪያወጡ ይጠብቃል። ከዚያም ለአሥር ያህል ሴት አንድ ወንድ አስቀርቶ የቀረውን ወንድ ይቆርጣል። ወራት ሙሉ ውኃ ያጠጣውን ተክል ሲቆርጥ ጨካኝ አይባልም፤ ለሚያፈራው ቦታ መልቀቁ ነው።

የተምርም ነገር እንዲሁ ነው። የተምር ፍሬ ዘርቶ ከሚበቅለው ግማሽ ያህሉ ወንድ ስለሚሆን፣ ከጥንት ጀምሮ ተካዮች ከእናት ዛፍ ሥር የሚወጣውን ቡቃያ እየለዩ ይተክላሉ፤ ቡቃያው እናቱን ይመስላልና። በሙስሊም ኪታብ እንደተዘገበው የመዲና ሰዎች የወንዱን አበባ ወስደው በሴቷ ላይ ሲያደርጉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው ባይሠሩት ይሻል ይሆናል ብለው ነበር። ሰዎቹ ሲተዉት ምርቱ ተበላሸ። እርሳቸውም የዱንያ ሥራቸውን እነርሱ ይበልጥ እንደሚያውቁ ነገሯቸው። ከዚህ የምንማረው የአዝመራ ሥራ የራሱ ዕውቀት ያለው መሆኑን ነው። ማሳሳት፣ መግረዝና መንቀል ከዚህ ዕውቀት ክፍሎች ናቸው፤ እዝነትን አይቃረኑም።

ተክል ምን ሐቅ አለው?

አንዳንድ ሰዎች ተክልን ከእንስሳ ጋር አንድ አድርገው ያያሉ። ዑለማዎች ግን ለይተዋል። እንስሳ ነፍስ ያለው ስለሆነ ባለቤቱ የማብላትና የማጠጣት ግዴታ አለበት። ነፍስ የሌለውን ንብረት በተመለከተ ግን ኢማሙ ነወዊ በሐገራችን የዲን ማእድ ዘንድ በሰፊው በሚቀራው አል ሚንሃጅ በተባለው ኪታባቸው፣ ቤትንና የውኃ ቦይን የመሰለውን ባለቤቱ የመጠገን ግዴታ እንደሌለበት ጽፈዋል። አዝመራንና ዛፍን ማጠጣት እየቻሉ መተውን ግን የመዝሀቡ ሊቃውንት ጠልተውታል፤ ምክንያቱም ንብረት ማባከን ነው። ንብረት ማባከን አላህ ከሚጠላቸው ነገሮች እንደሆነ ደግሞ ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት የቡኻሪና የሙስሊም ሐዲስ ተነግሯል።

እንግዲህ የተረፈ ችግኝ መንቀል ነፍስ ማጥፋት አይደለም፤ ስለዚህ ልባችሁ አይጨነቅ። ይሁን እንጂ ንብረት ነውና የሚባክንበት መንገድ ያሳስበናል። ችግኝ ደግሞ በሁለት መንገድ ይባክናል። አንዱ ሊጠቅም የሚችለውን ቆሻሻ ላይ መጣል ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የማናየው፣ ይዞ ማበላሸት ነው። አንድ እግር ችግኝ በቀን ግማሽ ሊትር ውኃ ብንሰጠው፣ አርባ ትርፍ ችግኝ ያስቀመጠ ቤት በየቀኑ 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ጀሪካን ውኃ ለማይተከል ነገር ያፈሳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ከቦኖ በሚመላለስበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ድመት አስራ ስለገደለች ሴት የሚናገረውን የታወቀ ሐዲስ ሁላችንም ሰምተናል። የሴትዮዋ በደል እንዳታበላት ብቻ ሳይሆን፣ ሄዳ ራሷን እንዳትመግብ መያዟም ነበር። ተክል እንደ ድመት አይደለም ብለናል፤ ሕጉም የተለያየ ነው። ምክሩ ግን ለማንኛውም ይዞታችን ይሆናል፦ የያዝከውን ተንከባከብ፤ ካልቻልክ ለሚችል ልቀቀው።

የሠልማን ሦስት መቶ ችግኞች

ከሲራ ታሪኮች ለዚህ ርእስ ከሠልማን አል ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ታሪክ የሚቀርብ የለም። ሠልማን በመዲና ባሪያ ነበሩ። ጌታቸው ነጻ ሊያወጣቸው የተስማማው 300 የተምር ችግኝ እንዲተክሉለትና 40 ዑቂያ እንዲከፍሉት ነበር። አንድ ባሪያ ሦስት መቶ ችግኝ ከየት ያመጣል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን ወንድማችሁን አግዙ አሏቸው። ኢብኑ ኢስሐቅና ኢማሙ አሕመድ እንደዘገቡት አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሃያ፣ ሌላው ዐሥራ አምስት፣ ሌላውም ዐሥር እያለ እያንዳንዱ ያለውን ያህል አመጣ፤ ሦስት መቶውም ሞላ። ጉድጓዱን ሠልማንና ባልደረቦቻቸው ቆፈሩ፤ ችግኞቹን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተባረከ እጃቸው ተከሏቸው። ሠልማን ከእነዚያ ችግኞች አንዲት እንኳ እንዳልሞተች ምለው ተናግረዋል።

እናስተውል፤ የአንድን ሰው ነጻነት የገዛው ከየሰው አትክልት የተሰበሰበ ችግኝ ነው። ዐሥር እግር ያመጣው ሰው ብቻውን ሠልማንን ነጻ ሊያወጣ አይችልም ነበር። አባቶቻችን "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ያሉት ይህንኑ ነው። በጓሮአችን የቆመው ስልሳ እግር ቃሪያ ለእኛ ሸክም ነው፤ ለስድስት ጎረቤት ግን የዓመት ማጣፈጫ ነው። እንግዲህ "የተረፈው ችግኝ የማን ነው?" ለሚለው ጥያቄያችን መልሱ ይህ ይመስለናል፦ ከእኛ የተረፈው የሌላ ሰው ሲሳይ ነው፤ እኛ ዘንድ የቆየው በአማና ነው።

አሰጣጡ ግን ሥርዓት አለው። ብዙዎቻችን ወፍራሙን ለራሳችን ተክለን የገረጣውን ለጎረቤት እንልካለን። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ለራሳችን ብንሰጠው ዐይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መጥፎ ነገር ለሰደቃ እንዳንመርጥ ያስጠነቅቀናል። አቡ ጦልሓ (ረ.ዐ.) የሚወዱትን ነገር ስለመስጠት የምትናገረው አያ በወረደች ጊዜ ከንብረታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱትን በይሩሓ የተባለውን የተምር አትክልታቸውን ነበር የሰጡት። እኛ አትክልቱን ሙሉ ስጡ አንልም፤ ከምትሰጡት ዐሥር እግር ሁለቱ ከደህናዎቹ ይሁኑ እንላለን።

የሚሰጠው ሰውም ይታሰብበት። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ለሆነች እህት አቮካዶ ከመስጠት ሁለት እግር ቃሪያና አንድ እግር በሶብላ ይሻላታል። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ለማፍራትም ከተዳቀለው ይልቅ ብዙ ዓመት ያስጠብቃል። ይህን ሳይናገሩ ሰጥቶ ሰውን ማስጠበቅ አግባብ አይደለም። በጅማና በአካባቢዋ ያሉ ወገኖቻችን ከቡና ዛፍ ሥር ወፍ ዘራሹን ለቅመው ባዶ ቦታ ሲሞሉበት ኖረዋል፤ ትርፍን ወደሚያስፈልገው ቦታ ማዛወር የአገራችን ገበሬ የቆየ ልማድ ነው። የመስጊድ ኮሚቴው ከፈቀደ ደግሞ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በር ላይ ትርፍ ችግኝ የሚቀመጥበት ቦታ ቢኖር፣ ያለው ያስቀምጣል፤ የሌለው ይወስዳል። የመድረሳ ልጆችም መትከልን ይማሩበታል።

በሽታን አንስጥ

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለን። "አያሳዝንም? ምናልባት በሌላ አፈር ይድናል" ተብሎ የታመመ ችግኝ ለጎረቤት ይሰጣል። ይህ ሰደቃ ሳይሆን ጉዳት ነው። በስልጤና በጉራጌ ያሉ እንሰት አምራች ቤተሰቦቻችን የእንሰት አጠውልግ በሽታን ያውቁታል። ይህ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ በአገራችን በሳይንስ ተለይቶ የታወቀው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሙዝንም ያጠቃል። ከሚተላለፍባቸው ዋና መንገዶች ሁለቱ የታመመ ችግኝና ያልጸዳ ቢላዋ ናቸው። ጤነኛ የሚመስል ቡቃያ እንኳ ከታመመ ጓሮ ከወጣ የአንድን መንደር እንሰት ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ በሽታ ከገባበት ጓሮ ችግኝ አይሰጥም፤ የታመመውም ተነቅሎ በጥልቅ ይቀበራል፤ ቢላዋው በእሳት ይለበለባል። እዚህ ላይ መጣል ግዴታ ነው፤ የማይጥል ሰው በእዝነት ስም ጎረቤቱን ይጎዳል። ኢስላም ደግሞ መጉዳትንም መጎዳዳትንም አይፈቅድም።

ለተረሱት ተክሎች

አሁን ወደ አጥሩ ጥግ እንመለስ። የተረሳውን ተክል ከመጣላችን በፊት እንመርምረው። ቅርንጫፉን ከጫፉ ጀምረን ወደ ታች በጥፍራችን ፋቅ ፋቅ እናድርገው። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ፤ እስከ ግንዱ ድረስ ቡናማና ደረቅ ከሆነ አልቆለታል። ከጣሳው አውጥተን ሥሩን እንየው። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ተስፋ አለው፤ የላሸቀና የሚሸት ከሆነ ውኃ በዝቶበት በስብሷል። ሥሩ በጣሳው ውስጥ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከሆነ የተጠማዘዘውን ፈትተን ወይም ቆርጠን ሰፋ ባለ አፈር እንትከለው። ከዚያ የአንድ ወር ቀጠሮ እንስጠው። በወሩ ካላቆጠቆጠ የድርሻችንን አድርሰናል።

ከእነዚህ መካከል ለመጣል ሳይሆን ለመንካትም የሚከብድ አለ። እናት ወደ አኺራ ሄዳለች፤ ጽጌረዳዋ ወይም ጤና አዳሟ በር ላይ ቀርቷል። ልጆቿ ውኃ ለማጠጣት ጊዜ የላቸውም፤ ለመንቀልም ልብ የላቸውም። ተክሉ እየደረቀ፣ ባዩት ቁጥር ሐዘናቸው እየታደሰ ይኖራል። ለእነዚህ ልጆች የምንለው ይህን ነው። ተክሉ ጨርሶ ሳይደርቅ ከጤነኛው ቅርንጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቁራጭ ወስዳችሁ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ፣ እርጥብ አፈር ላይ በጥላ ትከሉት። ጽጌረዳም ጤና አዳምም በቁራጭ ይበቅላሉ። ሲጸድቅ አንዱን ለአክስት፣ አንዱን ለጎረቤት፣ አንዱን ለራሳችሁ አድርጉት። እናት የተከለችው ሰው እስከተጠቀመበት ድረስ ምንዳው እንደማይቋረጥባት እንከጅላለን። አሮጌው ግንድ ከዚያ በኋላ ቢነቀል መታሰቢያዋ አልጠፋም፤ በዛ እንጂ።

የማይሰጠው የት ይሂድ?

ከተሰጠም በኋላ የሚተርፍ ይኖራል። እርሱም ቢሆን የግድ ቆሻሻ አይሆንም። ሲሳሳ የተነቀለ የጎመን፣ የቆስጣ፣ የሰላጣና የቀይ ሥር ቡቃያ ታጥቦ ይበላል። የቲማቲምና የድንች ቅጠል ግን ለሰው ምግብ አይሆንም። የአቮካዶ ቅጠል ለፍየል፣ ለበግና ለዶሮ መርዝነት ስላለው እንዳይሰጣቸው ይጠንቀቁ። ጤነኛው ትርፍ ከወጥ ቤት ልጣጭና ከፍግ ጋር ተደርቦ ሲበሰብስ ለቀጣዩ ዓመት መደብ ማዳበሪያ ይሆናል። ወደ አፈር የተመለሰ ቡቃያ ተጣለ አይባልም።

ይህ ነገር ከጓሮም ይሰፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአገራችን እንደተተከለ መንግሥት ማስታወቁ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ዘመቻ የምንሳተፍ ሁሉ ሁለት ነገር አንርሳ። አንደኛ፣ ላስቲኩን ሳያወልቁ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ከተከላ በኋላ መንገድ ዳር የቀረውን ችግኝ የዕለቱ ሥራ አልቋል ብለን ትተነው አንሂድ፤ ሰፈራችን ድረስ ወስደን ባለቤት እንፈልግለት። ምንዳው ካለው ጥርጥር የለውም፤ የሚቆጠረው ግን የተተከለው ብቻ ሳይሆን የጸደቀው ጭምር ይሁን።

ለመጪው ዓመት ደግሞ ከወዲሁ እንምከር። ዘሩን በአንድ ቀን ከመበተን በሁለትና በሦስት ሳምንት ልዩነት ከፋፍለን እንዝራ። ጎረቤታሞች ተነጋግረን አንዷ ቃሪያ፣ አንዷ ጎመን፣ አንዷ ቲማቲም ብታፈላ፣ ትርፉ አስቀድሞ ባለቤት ይኖረዋል። የተረፈ ዘር በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጥ፤ ዘር ውኃ አይጠይቅም፤ ቦታም አያጣብብም።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ወደ ጓሮአችሁ ወጣ በሉና ጣሳዎቹን ቁጠሩ። ከመግሪብ በፊት አንዱን ለጎረቤታችሁ አድርሱ። አላህ (ሱ.ወ.) የተከልነውን የሚያጸድቅልን፣ የሰጠነውን የሚቀበለን፣ ከማባከንም ከመሰሰትም የሚጠብቀን ይሁን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።